ጥሩር የለበሰው ቀይ ዓሣ ማን ነው፣ የትስ ይኖራል?

ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ የዚህን ዓሣ ፎቶ ለጓደኛው የሚያሳይ ሰው መጀመሪያ የሚሰማት መልስ «ተው ባክህ፣ ይሄ ኤአይ ነው» የምትል ናት። አይፈረድበትም። ዓሣው ቀይ ነው፣ ያውም ደማቅ ቀይ። ከአፍንጫው ላይ ሹካ የመሰሉ ሁለት አጥንቶች ወደ ፊት ተቀስረዋል፣ አገጩ ሥር ጢም ተንጠልጥሏል፣ ሰውነቱ ከራሱ እስከ ጅራቱ እሾህ ባወጣ አጥንት ተለብጧል፣ ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደግሞ ከሥሩ እግር የሚመስሉ ነገሮች አሉት። ግን አለ። እውነተኛ ዓሣ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ፔሪስቴዲዮን ካታፍራክተም ይባላል። ምላስ የሚያስር ስም ስለሆነ እዚህ «ጥሩር ለባሹ» እያልን እንቀጥል፤ ጥሩር ድሮ ጦረኛ የሚለብሰው የብረት ልብስ ነው። አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በመዝገቡ ካሰፈራቸው እንስሳት አንዱ ነው፤ ያኔ ጎንደር ላይ የነገሡት ቀዳማዊ ኢዮአስ ነበሩ። ለሜዲትራንያን ዓሣ አጥማጅም ብርቅ አይደለም፤ ሽሪምፕ ሊይዝ መረብ ሲጎትት አብሮ ይወጣለታል። ለእኛ ብርቅ የሆነብን ከቆሮሶና ከአምባዛ ውጪ ያለውን ዓሣ የምናውቀው በስልክ ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ዓሣ የሚጋሩት አጫጭር ጽሑፎች ሁለት ቦታ ላይ ያነክሳሉ። አንደኛው፣ መለያው ቀለሙና ጥሩሩ ነው ብለው ያልፋሉ። ሁለተኛው፣ የት ይኖራል ሲባል የውቅያኖስ ስም ጠርተው ያበቃሉ። ውሸት አይደለም፣ ግን አይበቃም። ቀይ ዓሣ ሞልቷል፣ ጥሩር ለባሽ ዓሣም ሞልቷል። አገሩን የሚወስንለት ደግሞ የውቅያኖሱ ስም ሳይሆን ጥልቀቱ ነው።

ከመለያው እንጀምር።

ተራ ዓሣ ቅርፊት አለው። ስስ ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሄዳል፣ ዓሣ ቤት ውስጥ ቢላዋ ጀርባ ሲነካው እየተፈናጠረ ይነሳል። ጥሩር ለባሹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የለበሰው ወፍራም የአጥንት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዎቹ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ጎን አራት አራት ረድፍ፣ በድምሩ ስምንት። እያንዳንዱ ሰሌዳ መሃሉ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፣ ጠርዙም ወደ ጅራት ባዘነበለ እሾህ ያልቃል። ስለዚህ ዓሣውን ወገቡ ላይ አቋርጣችሁ ብታዩት ክብ ወይም ሞላላ አይደለም፤ ስምንት ማዕዘን ነው። ጣታችሁን ከራሱ ወደ ጅራቱ ብታንሸራትቱ ይሄዳል፣ መልሳችሁ ወደ ራሱ ብታመጡት ግን ይወጋችኋል። እሾሁ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ሆዱም አልቀረለትም፣ እሱም በሰሌዳ ተሸፍኗል። ሰሌዳዎቹ ተጋጥመው እንጂ ተጣብቀው ስላልቀሩ ጅራቱን ማወዛወዝ ይችላል፤ እንደ ልቡ መተጣጠፍ ግን አይሆንለትም።

ሁለተኛው ምልክት ከአፍንጫው የሚወጣው ሹካ ነው። ይሄ ቀንድ አይደለም፣ ለብቻው የበቀለም ነገር አይደለም። ከዓይኑ በታች ያለው የፊቱ አጥንት ራሱ ወደ ፊት ተስቦ ከአፉ አልፎ ሄዶ ነው። በጥሩር ለባሹ ላይ የሹካው ሁለት ጥርሶች ረዘም ያሉ፣ ጠፍጣፋና ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው። በዘመዶቹ ላይ ሹካው ሊያጥር፣ ሊሰፋ፣ ወይም ወደ ውጭ ሊከፈት ይችላል። ዝርያ የሚለዩ ሰዎች መለኪያ ይዘው የሚቀርቡት እዚህ ጋ ነው፤ የሹካው ርዝመት ከራሱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው፣ ጥርሶቹ ትይዩ ናቸው ወይስ ይለያያሉ፣ እያሉ።

ሦስተኛው ጢሙ ነው። ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ምክንያቱም ሰው ዓሣን የሚያነሳው ከጎን ወይም ከላይ ነው። ገልብጡት። አፉ ከሹካው ሥር ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ወደ መሬት አዘቅዝቆ ታገኙታላችሁ፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም። በታችኛው ከንፈሩና በአገጩ ላይ ደግሞ ጢሞች ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ በየጎኑ አንዱ ግን ከሌሎቹ ረዝሞ ይወጣል፣ እሱም ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ነው። ጢሙን መቁጠርም ዝርያ መለያ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ብቻ ሳይሆን ዝርያ መጥራት ለሚፈልግ ሰው አማራጭ የለም።

አራተኛው እግሩ ነው። በእርግጥ እግር አይደለም። የደረቱ ክንፍ፣ ማለትም ከጉንጩ ኋላ ያለው ትልቁ ክንፍ፣ የተዘረጋው ጨረር በሚባሉ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ነው፤ ከነሱ ውስጥ የታችኞቹ ሁለቱ ከክንፉ ሽፋን ተላቀው ለብቻቸው ቀርተዋል። በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት። ዓሣው ወለሉ ላይ በነዚህ እየተመረኮዘ ይሄዳል፣ ጭቃውንም ይዳብሳል። ቁጥሯን ያዙልኝ፣ አሁን ትፈለጋለች።

ምክንያቱም የሚያምታታ ዘመድ አለው። ትሪግላ ሊራ የሚባል የሜዲትራንያንና የምሥራቅ አትላንቲክ ዓሣ አለ። እሱም ቀይ ነው። እሱም በጥልቅ ውኃ ይኖራል። ይባስ ብሎ እሱም አፍንጫው ላይ ወደ ፊት የወጡ ሁለት ሹል ነገሮች አሉት። ኢንተርኔት ላይ የአንዱ ፎቶ በሌላው ስም ተለጥፎ ብታዩ አይግረማችሁ፤ ሊኒየስ ራሱ ሁለቱንም ትሪግላ በሚል አንድ ወገን ሥር ነበር ያስቀመጣቸው፣ ፈረንሳዊው ላሴፔድ እ.ኤ.አ. በ1801 ፔሪስቴዲዮን የሚለውን ወገን እስኪያቋቁም ድረስ። ግን ለመለየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ትሪግላ ሊራ ጢም የለውም። ሰውነቱ በሰሌዳ አልተለበጠም። የተላቀቁት ጨረሮቹ ደግሞ በየጎኑ ሦስት ናቸው፣ በድምሩ ስድስት። አራት እግርና ጢም ካለው ጥሩር ለባሹ ነው፣ ስድስት እግር ካለውና አገጩ ባዶ ከሆነ ትሪግላ ነው። በቃ።

ቤተሰባቸው ላይ ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ጥሩር ለባሾቹን ፔሪስቴዲዳ በሚል ራሱን የቻለ ቤተሰብ አድርገው ይመዘግባሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የትሪግላዎች፣ ማለትም የትሪግላ ሊራና የዘመዶቹ፣ ንዑስ ቤተሰብ ናቸው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጢሙ፣ ሰሌዳውና የጨረሩ ቁጥር አንድ ላይ ሲመጡ ለብቻ ቤት መስጠት የሚያስወቅስ አይመስለኝም። እንደ ቤተሰብ ከቆጠርናቸው ስድስት ወገኖችና ከ40 በላይ ዝርያዎች አሏቸው።

ከሌሎች «ጥሩር ለባሾች» ጋር የሚምታታውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንለፈው። ቀይ ባሕር ዳር በኮራል መሃል የሚዋኘው የሣጥን ቅርጽ ያለው ዓሣ አጥንት ለብሷል፣ ግን የጥልቅ ውኃ አይደለም፣ ዝምድናም የለውም። በዶክመንተሪ የምናያቸው ራሳቸው በአጥንት የተሸፈነ ግዙፍ ዓሦች ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉ ናቸው፤ ጥሩር ለባሹ የነሱ ቅሪት አይደለም። የራሳችን አገር ዓሣ እንኳ አለ። ጋምቤላ ባሮ ውስጥ፣ ኦሞ ውስጥም፣ ፖሊፕቴረስ የሚባለው ረዥም ዓሣ ይገኛል፣ ቅርፊቱ አጥንት መሳይና በጣም ጠንካራ ነው፣ ጀርባው ላይ ትናንሽ ክንፎች ተደርድረዋል። እሱ ግን የወንዝ ዓሣ ነው፣ አየርም ይተነፍሳል። ጠንካራ ልብስ በተለያዩ የዓሣ ዘሮች ላይ በተለያየ ጊዜ ለየብቻው ተፈጥሯል፤ ልብሱ ስለተመሳሰለ ዘመድ ናቸው ማለት አይቻልም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቃት ጥያቄ፦ ጥሩሩ የጥልቅ ውኃ ግፊት እንዳይጨፈልቀው ነው አይደል?

አይደለም። ለምን እንደሚመስል ግን ይገባኛል። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። 400 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ 40 ኪሎ ገደማ ይጫነዋል። ያስፈራል። ነገር ግን የዓሣ ሥጋ በአብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ ቢጫኑት እምብዛም አይጨመቅም። ውስጡ ያለው ከውጭ ካለው ጋር እኩል ስለሚገፋ የሚጨፈለቅ ነገር የለም። ግፊት የሚጎዳው ውስጡ አየር ያለበትን ነገር ነው፤ እኛን ለምሳሌ፣ በሳንባችን። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከዚህ በጣም ወደ ጥልቁ ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጃፓን አቅራቢያ ባለ ጥልቅ ሸለቆ 8,336 ሜትር ላይ አንድ ዓሣ በካሜራ ተቀርጿል። ስኔይልፊሽ ከሚባሉት ወገን ነው። ቅርፊት የለውም፣ ሰውነቱ ለስላሳ ነው፣ እዚያ ግን ዘና ብሎ ይዋኛል። ጥሩር ለግፊት ቢሆን ኖሮ ልብሱ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር።

ጥሩሩ ለጠላት ነው። ወለል ላይ እየተራመደ ምግብ የሚፈልግ፣ ፈጥኖ መሮጥ የማይችል ዓሣ ሲመጡበት የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም። እሾህ በሞላው አጥንት የታሸገን ነገር መዋጥ ግን ለትልቅ ዓሣም ቀላል አይደለም። ፍጥነቱን ሸጦ ልብስ ገዛ ማለት ነው። ልብሱ ይከብዳል፣ አካሉን ያግዳል፣ በዚህም ምክንያት ወለሉ ላይ ከሚኖሩት ከትናንሽ ሽሪምፕና ሸርጣን መሰል ፍጥረታት በስተቀር ሌላ የሚያሳድድ ዓይነት አይደለም።

ቀለሙስ? ይሄኛው ይበልጥ ያስቃል። ያ ሁሉ ቀይ እሱ በሚኖርበት ቦታ አይታይም። የፀሐይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚዋጠው ቀዩ ነው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ አሥሮች ሜትሮች ውስጥ። ከ200 ሜትር በታች የቀረችው ትንሽ ብርሃን ሰማያዊ ናት። ሰማያዊ ብርሃን ቀይ ነገር ላይ ሲያርፍ ይዋጣል እንጂ አይመለስም፣ ስለዚህ ቀዩ ዓሣ እዚያ ጥቁር ነው። እኛ የምናየው ቀይ በመርከቡ ወለል ላይ በፀሐይ ወይም በካሜራ መብራት የወጣ ቀይ ነው። ቀለሙን ለመለያ የማላምንበት ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ዓሣው አልኮል ውስጥ ተነክሮ ሙዚየም ከገባ ቀዩ ይለቃል፣ ገርጥቶ ይቀራል። የቆየ ናሙና ፊት ቆማችሁ ቀይ ብትፈልጉ አታገኙም። ሰሌዳው፣ ሹካውና ጨረሩ ግን ንቅንቅ አይሉም።

መጠኑ ብዙም አይደለም። ከተመዘገቡት ትልቁ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ በተለምዶ የሚያዘው ግን የዚያ ግማሽ ነው። ጀርባው ላይ ያለው የመጀመሪያው ክንፍ በወንዱ ላይ እንደ ክር ይረዝማል፤ ወንድና ሴቱን በዓይን ለመገመት የምትረዳው እሷ ናት።

ስለ እግሩ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ካርታው እንሄዳለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የሃርቫርድና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን የትሪግላዎችን እግር ፈትሾ ያገኘው ነገር ብዙ ሰው አስገርሟል። የሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ነዋሪ የሆነው ፕራዮኖተስ ካሮላይነስ የሚባለው ዝርያ በእግሩ መራመድ ብቻ ሳይሆን ይቀምስበታል። እግሩ ላይ እኛ ምላስ ላይ እንዳለው ዓይነት ትናንሽ እብጠቶች አሉ፣ በነሱ አማካይነት አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ምግብ ሳያይ ቆፍሮ ያወጣል። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ዝርያ ግን እብጠቶቹ ስለሌሉት በእግሩ ይራመዳል እንጂ አይቆፍርም። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የተሠራው ጥሩር ለባሹ ላይ አይደለም። አንድ እግር ሁለት የተለያየ ሥራ ሊኖረው እንደሚችል ግን ያሳያል፣ እግር ያለው ሁሉ በእግሩ ይቀምሳል ብሎ መጻፍም ትክክል እንዳልሆነ እንዲሁ።

እሺ፣ የት ይኖራል?

መጽሐፍ ላይ የምታገኙት መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ሜዲትራንያን ባሕርና ምሥራቅ አትላንቲክ፣ ከእንግሊዝ ቻናል አካባቢ እስከ አንጎላ። እንግሊዝ አካባቢ ብርቅ ነው፣ ወደ ደቡብ ሲሄድ ይበረክታል። ይህን አንብቦ ካርታ የሚቀባ ሰው ሜዲትራንያንን በሙሉ ቀይ ያደርገዋል፣ የአፍሪካን ምዕራብ ዳርቻም እስከ ውቅያኖሱ መሃል ድረስ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሜዲትራንያን መሃሉ ላይ ከ5,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው፣ ጥሩር ለባሹ እዚያ የለም። ባሕር ዳርቻ ዋናተኛ እግር ሥርም የለም። እሱ የሚገኘው በአብዛኛው ከ100 እስከ 500 ሜትር ባለው ጥልቀት ነው፤ አልፎ አልፎ ከዚያ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ይያዛል።

ይሄ ነገር ለአገራችን ሰው ለመረዳት የሚከብድ አይደለም፤ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ላደገ ሰው የፈረንጅ ካርታ አያስፈልገውም። ገብስ የት ይበቅላል ቢባል «አማራ ክልል» ወይም «ኦሮሚያ» ብሎ የሚመልስ ገበሬ የለም፣ ደጋ ነው የሚለው። ባሌም ይሁን መንዝ፣ ከፍታው ከሆነ ይበቅላል፣ ካልሆነ እዚያው ወረዳ ውስጥ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ብትሄዱ አይገኝም። ጥሩር ለባሹም የራሱ ወይና ደጋ አለው፣ ልዩነቱ የሚቆጠረው ወደ ታች መሆኑ ነው። ስፋቱን በዓይነ ልቦና ለማየት ከእንጦጦ ማርያም ወደ ፒያሳ መውረድ ነው፤ ቁልቁለቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። የዓሣው ዓለም በሙሉ ከዚያ ቁልቁለት ውስጥ ያልቃል።

ባሕሩ እንዴት እንደተሠራ ካሰባችሁ ደግሞ ምክንያቱ ይገለጣል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወለሉ ቀስ እያለ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር ሳያልፍ። ከዚያ ድንገት ቁልቁለት ይጀምርና በሺህ ሜትሮች ወደሚቆጠር ጥልቅ ይወርዳል። ጥሩር ለባሹ የሚኖረው በዚያ ጠርዝና በቁልቁለቱ አናት ላይ ነው፣ በጭቃና በአሸዋ ወለል ላይ። አህጉሩን ዙሪያውን የሚከተል ቀጭን ጥብጣብ ነው። ከሞሮኮ እስከ አንጎላ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን ቁልቁለቱ ገደላማ በሆነበት ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራንያን እንዴት ይገናኛል? በጂብራልታር። በዚያ ባሕረ ሥርጥ ውስጥ ወለሉ ከፍ ብሎ ደፍ ይሠራል፣ ደፉ ላይ ያለው ጥልቀት 300 ሜትር ገደማ ነው። ለጥሩር ለባሹ 300 ሜትር ማለት የራሱ ሰፈር ነው፤ ደፉ አያግደውም። በሌላ በኩል ስዊዝ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ዝርያዎች ወደ ሜዲትራንያን ተሻግረዋል፣ ያ ቦይ ግን ጥልቀቱ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ስለሆነ ለወለል ነዋሪ የጥልቅ ውኃ ዓሣ መንገድ አይሆነውም። ሜዲትራንያን ውስጥ ያለው ጥሩር ለባሽ የአትላንቲክ ሰው ነው።

ውቅያኖሱን ስትሻገሩ ሌላ ዝርያ ይቀበላችኋል። ፔሪስቴዲዮን ሚኒያተም ይባላል፣ ጉድ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ገልጾታል። ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ተነስቶ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ይዞ እስከ ብራዚል ይደርሳል። ከ60 ሜትር ገደማ እስከ 900 ሜትር ገደማ ድረስ ተይዟል፣ ስለዚህ ጥብጣቡ ከአውሮፓው ዘመዱ ሰፋ ይላል። ምዕራብ አትላንቲክ ላይ ከእሱ ሌላ የዚሁ ወገን በርካታ ዝርያዎች አሉ። ጃፓን አካባቢ ደግሞ ፔሪስቴዲዮን ኦሪየንታሌ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 የተገለጸ። በአጠቃላይ ቤተሰቡ በአትላንቲክ፣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃትና ለዘብ ባሉ አካባቢዎች ይገኛል፣ ዋልታዎቹ ጋ አይደርስም። ዝርያው ይለያይ እንጂ አድራሻው አንድ ዓይነት ነው፦ ጠርዝ፣ ቁልቁለት፣ ጭቃ። ይህን ቤተሰብ በአጥንቱ አንድ በአንድ ፈትሾ የዘር ሐረጉን ያዘጋጀው ጃፓናዊው ቶሺዮ ካዋይ ነው፣ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል።

ለእኛ የሚቀርበውስ? የኤደን ባሕረ ሰላጤ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሎይድ የተባለ ተመራማሪ ከዚያ የተገኘን የዚህ ቤተሰብ አባል ሲገልጽ አዴኒ የሚል ስም ሰጥቶታል፣ የኤደን ማለት ነው። ከጅቡቲ ማዶ ያለው ውኃ ማለት ነው፣ ከዚህ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ተኪዶ የሚደረስበት። የባሕር በር ጉዳይ ውስጥ ሳንገባ፣ ጥሩር ለባሾች ያን ያህል ሩቅ አይደሉም።

ከኤደን ወደ ቀይ ባሕር መግባት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ባብ ኤል መንደብ አጠገብ፣ ሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ፣ ወለሉ እንደ ጂብራልታሩ ወደ ላይ ይነሳል። እዚህ ግን ደፉ ላይ ያለው ጥልቀት 137 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚኖር የወለል ዓሣ ለመግባት ሽቅብ ወጥቶ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ተመልሶ መውረድ አለበት። ገብቶም ቢሆን የሚያገኘው ውኃ የለመደው ዓይነት አይደለም። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ቀይ ባሕር ግን ወለሉ ድረስ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከምናምን ነው፣ ጨውነቱም ከሌሎች ባሕሮች ይበልጣል። ሜዲትራንያንም ጥልቁ ሞቅ ያለ ነው፣ እሱ እንኳ 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። በአንድ ባሕረ ሥርጥ ወዲህና ወዲያ ያሉ የጥልቅ ውኃ ዓሦች ለምን እንደሚለያዩ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ደፍ ቢጀምር ይሻለዋል።

ካርታ ስታዩ አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እዚያ ላይ የተቀመጡት ነጥቦች ዓሣው የሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ሳይሆኑ መረብ የወረደባቸው ቦታዎች ናቸው። ጥሩር ለባሹን ማንም ብሎ አያጠምደውም፤ ከአጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ትንሽ ነው፣ ገበያ ላይ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። የሚወጣው ወለል እየጎተቱ ሽሪምፕና ሌላ ዓሣ በሚይዙ ጀልባዎች ወይም በጥናት መርከብ ነው። እንዲህ ያለ መረብ የሚጎተተው ለጥ ባለ ጭቃና አሸዋ ላይ ነው፤ ድንጋያማ ወለል ላይ ይቀደዳል፣ ካፒቴኑም አካባቢውን ሸሽቶ ያልፋል። ስለዚህ የሽሪምፕ ጀልባ በሚመላለስበት የጣሊያንና የስፔን ጠረፍ ነጥቡ ተጨናንቆ ታያላችሁ፣ መረብ እምብዛም በማይወርድበት ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባዶ።